ትልቅ ኮፓ ካምቢዮን ያቀዘቅዛል? ከፒክአፕ ሆድ ሥር ያለው ፊዚክስ

በናፍጣ የሚሠራ ፒክአፕ ያለው ሰው ስልኩ ላይ የመኪና ቪዲዮ እያየ ትንሽ ከቆየ፣ አንድ የሚያብረቀርቅ ዕቃ ሳያጋጥመው አይቀርም። ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ጎኑ እንደ ራዲያተር የተሸነሸነ፣ ጥልቅ ትሪ የሚመስል ነገር ነው። ሻጮቹ የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ የፋብሪካውን የካምቢዮ ኮፓ አውጡና ይህን ግጠሙ፤ ሁለት ሦስት ሊትር ተጨማሪ ዘይት ይይዛል፤ ካምቢዮው ይቀዘቅዛል፤ ዕድሜውም ይረዝማል።

ይህ ገበያ የተስፋፋው በተለይ አሜሪካ ውስጥ ነው። እዚያ የፎርድ፣ የራምና የሼቭሮሌት ትልልቅ የናፍጣ ፒክአፖች ከባድ ተጎታች አስከትለው በአስፋልት ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። እኛ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። ከቡሬ ወደ ሽንዲ፣ ወይም ከፍኖተ ሰላም ወደ ጃቢ ጠህናን ቀበሌዎች የምትወጣ ፒክአፕ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ክትባት፣ አንዳንዴም ምጥ የያዛትን እናት ትጭናለች። ክረምት ላይ፣ ጭቃ መሃል፣ ካምቢዮዋ ቢቃጠል የምትቆመው መኪናዋ ብቻ አይደለችም።

ስለዚህ ጥያቄው የውበት ጥያቄ አይደለም። ያ ውድ ኮፓ በእኛ መንገድ ላይ በእርግጥ ይጠቅማል ወይ? እስቲ በስሌት እንየው። አንድ ወረቀትና ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል።

ኮፓ ምንድን ነው? የእናንተ መኪናስ አለው?

የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮን፣ ቡሎን፣ ላሜራ፣ ሁሉም ከዚያ የመጡ ቃላት ናቸው። ኮፓም እንደዚሁ ነው፤ መነሻው ጽዋ ማለት ነው። ስሙ ሥራውን በደንብ ይገልጸዋል። ከሞተር ወይም ከካምቢዮ ሥር በቡሎን የሚታሰር፣ ዘይት የሚጠራቀምበት ዕቃ ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። የካምቢዮ ኮፓ ያለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ዘይቱን የሚይዘው በራሱ ወፍራም ቅርፊት ውስጥ ነው፤ ማርሾቹ በዘይቱ ውስጥ ሲሽከረከሩ እየረጩት እርስ በርስ ይቀባባሉ። በገጠር መንገዶቻችን የምናያቸው ብዙዎቹ የቆዩ ሃይሉክሶችና ላንድክሩዘሮች የዚህ ዓይነት ናቸው። መለየቱ ቀላል ነው። ከሹፌሩ እግር ሥር ሦስት ፔዳል ካለ መኪናዋ ፍሪሲዮን አላት ማለት ነው፤ ከሥሯ ተኝታችሁ የምታዩት ኮፓም የሞተሩ ነው። በቃ፣ የካምቢዮ ኮፓ ለመግዛት ማሰብ አያስፈልግም። ፔዳሎቹ ሁለት ከሆኑ ግን ማንበባችሁን ቀጥሉ። ባለ ሦስት ፔዳሎችም ብትቀጥሉ አትጎዱም፤ ስለ ድንጋይ፣ ስለ ላሜራና ስለ ጓርኒሲዮን የምናወራው ለሞተር ኮፓም ይሠራል።

በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይት ብዙ ሥራ አለበት። ጉልበትን ከሞተር ወደ ማርሽ ያስተላልፋል፤ በግፊት ማርሽ ያስቀይራል፤ ያለሰልሳል፤ ሙቀትም ተሸክሞ ያወጣል። ዘይቱ ሲበላሽ አራቱም ሥራዎች አብረው ይበላሻሉ። ዘይትን ከሚያበላሹት ነገሮች ደግሞ ዋነኛው ሙቀት ነው። መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት አንድ ግምታዊ ሕግ አለ፦ ዘይቱ በጣም ከሞቀ በኋላ በየ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በ100 ዲግሪና በ120 ዲግሪ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል ይመስላል፤ በዚህ ሕግ ግን የዘይቱ ዕድሜ ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ሁለት ቬንትሌተሮችን ፊት ለፊት አስቀምጡ። አንዱን ብቻ ሶኬት ላይ ሰኩት። ነፋሱ ያልተሰካውንም ያሽከረክረዋል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ትንሽ ይዘገያል። አውቶማቲክ ካምቢዮ በፍሪሲዮን ፋንታ ያለው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባለው ክፍል እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ልዩነቱ በነፋስ ቦታ ዘይት መኖሩ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት መንሸራተት ይባላል። የተንሸራተተው ጉልበት የትም አይጠፋም፤ ዘይቱን ያሞቀዋል።

አስፋልት ላይ በፍጥነት ስንሄድ ቶርክ ኮንቨርተሩ ራሱን ቆልፎ መንሸራተቱን ያቆማል። ችግሩ የሚመጣው ቀስ ብለን፣ ጭነን፣ ዳገት ስንወጣ ነው። በቁጥር እንየው።

ከነጭነቷ 2,800 ኪሎ ግራም የምትመዝን ፒክአፕ እንውሰድ። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ የሚል ጭቃማ ዳገት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየወጣች ነው። ዳገቱ ወደ ኋላ የሚጎትታት ኃይል ወደ 2,750 ኒውተን ነው። ለጭቃው ተመሳሳይ መጠን ብንጨምር በድምሩ 5,500 ኒውተን ይሆናል። በዚህ ፍጥነት ጎማዎቹ 23 ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋሉ። ቶርክ ኮንቨርተሩ ከሚሰጠው ጉልበት 70 በመቶውን ብቻ ቢያሳልፍ፣ ሞተሩ 33 ኪሎዋት መስጠት አለበት። የቀረው 10 ኪሎዋት ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይገባል።

10 ኪሎዋት ስንት ነው? እንጀራ የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። እንግዲህ ሦስት ምጣድ አንድ ላይ ተለኩሶ አንድ ባልዲ ዘይት ሥር ተቀምጧል ብላችሁ አስቡ።

ትልቁ ድስት ዘግይቶ ይፈላል

አሁን ወደ ሻጮቹ የመጀመሪያ ነጥብ እንሂድ፦ ብዙ ዘይት ቶሎ አይሞቅም። ይህ እውነት ነው። ግን በምን ያህል?

አንድ ሊትር የካምቢዮ ዘይት 0.85 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.7 ኪሎጁል ያህል ይፈልጋል። ካምቢዮው 10 ሊትር ይዟል እንበል። ከ80 ወደ 120 ዲግሪ ለማሞቅ 680 ኪሎጁል ያስፈልጋል። በ10 ኪሎዋት ይህ የሚፈጀው 68 ሰከንድ ነው። ጥልቁ ኮፓ 3 ሊትር ቢጨምርልንስ? 13 ሊትር 88 ሰከንድ ይፈጃል። ያተረፍነው 20 ሰከንድ ነው።

የካምቢዮው ብረት ራሱ ሙቀት ስለሚጠጣ እውነተኛው ጊዜ ከ68 ሰከንድ ይረዝማል። ነገር ግን ብረቱ ለሁለቱም እኩል ስለሚደመር፣ በሦስቱ ሊትር የምናገኘው ትርፍ ያው 20 ሰከንድ ሆኖ ይቆያል።

ነገሩን ከወጥ ቤት ማየት ይቻላል። ትንሽ ድስትና ትልቅ ድስት እኩል እሳት ላይ ጣዱ። ትልቁ ዘግይቶ ይፈላል እንጂ መፍላቱ አይቀርም። ዘይቱ መጨረሻ ላይ የሚደርስበትን ሙቀት የሚወስነው የሚገባውና የሚወጣው ሙቀት የሚመጣጠኑበት ነጥብ ነው። እዚያ ሂሳብ ውስጥ የሊትር ቁጥር የለም።

ለዚህ ነው መንገዱ መልሱን የሚቀይረው። ከአዲስ አበባ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትመጡ ከጎሐ ጽዮን ወርዳችሁ ዓባይን ትሻገራላችሁ፤ ከዚያ ወደ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ቀጥ ብላችሁ ትወጣላችሁ። ፊታችሁ የጫነ ሲኖትራክ ካለና መቅደም ካልቻላችሁ፣ ቀርፋፋው ጉዞ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ለግማሽ ሰዓት ዳገት 20 ሰከንድ ምን ይረባል? ከቡሬ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድም ዓባይ ሸለቆ ወርዶ መውጣት ስላለ ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። እዚህ የሚያድነው ሙቀቱን ያለማቋረጥ የሚያወጣ ነገር ነው፤ እሱም ከፊት ራዲያተሩ አካባቢ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ጥልቁ ኮፓ የሚጠቅምበትን ሁኔታም ልናገር። ማቀዝቀዣው ከ10 ኪሎዋቱ 8ቱን ማውጣት ከቻለ፣ ዘይቱ ውስጥ የሚከማቸው 2 ኪሎዋት ብቻ ነው። ያን ጊዜ የሦስቱ ሊትር ትርፍ 100 ሰከንድ ይሆናል። አጭር ዳገት ወጥታ፣ ሜዳ ላይ አርፋ፣ እንደገና ለምትወጣ መኪና 100 ሰከንድ ቀላል አይደለም። ግን አስተውሉ፤ ትርፉን ያበዛው ማቀዝቀዣው ነው።

አሉሚኒየም ሙቀት ያስተላልፋል፤ ታዲያ ምን ይሁን?

ሁለተኛው የሻጮች ነጥብ ይህ ነው፦ አሉሚኒየም ከብረት የተሻለ ሙቀት ያስተላልፋል። ይህም እውነት ነው፤ እንደ ቅይጡ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን እውነት የሆነ ነገር ሁሉ ለጥያቄው መልስ አይሆንም።

ከዘይቱ ወደ ውጭ የሚወጣ ሙቀት መጀመሪያ የኮፓውን ግድግዳ ያልፋል፤ ከዚያ ወደ አየር ይገባል። አስፋልት ላይ የሚሮጥ መኪና በአንድ ቀጭን ድልድይ ምክንያት ቢቆም፣ አስፋልቱን ማስፋት አይረዳውም። የትኛው ነው ቀጭኑ ድልድይ? የ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ለሙቀት የሚያሳየውን ተቃውሞ፣ በመጠነኛ ነፋስ አየሩ ከሚያሳየው ተቃውሞ ጋር ብናነጻጽር፣ የአየሩ ከብረቱ 800 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ብረቱን በአሉሚኒየም መተካት ከ800ው ውስጥ የአንዱን ክፍልፋይ እንደ ማሻሻል ነው። ምንም ለውጥ አይታይም።

ሽንሽኖቹስ? እነሱ ከአየር ጋር የሚገናኘውን ስፋት ስለሚጨምሩ በእርግጥ ይረዳሉ። የአንድ ተራ ኮፓ ስፋት 0.2 ካሬ ሜትር ገደማ ቢሆን፣ ዘይቱ 90 ዲግሪ፣ አየሩ 25 ዲግሪ ቢሆን፣ የሚወጣው ሙቀት ወደ ግማሽ ኪሎዋት ነው። ሽንሽኑ ስፋቱን እጥፍ ቢያደርገው አንድ ኪሎዋት ይሆናል። ከ10 ኪሎዋት ጋር አወዳድሩት።

ይህም ኮፓው ንጹሕ ሲሆን ነው። በሐምሌ የጎጃም ጭቃ በሽንሽኖቹ መካከል ይገባል፤ ሲደርቅ ደግሞ ብርድ ልብስ ይሆናል። አየሩም ራሱ ይሳሳል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያሉት በ2,000 ሜትር ከፍታ ዙሪያ ነው፤ እዚያ አየሩ በባሕር ወለል ካለው 18 በመቶ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ያው ነፋስ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። በባሕር ዳርቻ ከተማ የተለካ ቁጥር እኛ ጋ ሲመጣ እንዳለ አይሠራም።

ድንጋዩ ግን ይመታል

እስካሁን ያወራነው ስለ ሙቀት ነው። በገጠር መንገድ ላይ ግን ኮፓን ቶሎ የሚገድለው ሌላ ነገር ነው፦ ድንጋይ።

ከባድ መኪኖች በክረምት የሚቆፍሩትን የጎማ ቦይ ታውቁታላችሁ። በሁለቱ ቦዮች መካከል ጉብታ ይቀራል። የፒክአፕ ጎማ ቦዩ ውስጥ ሲገባ የመኪናዋ ሆድ ወደ ጉብታው ይጠጋል። የካምቢዮ ኮፓ ደግሞ ከፊትና ከኋላ ጎማ መካከል ስለሚገኝ፣ መኪናዋ ጉብታ ተሻግራ ስትወርድ ለመነካት ቅርብ ነው። ኮፓውን በ5 ሴንቲ ሜትር ጥልቅ ማድረግ ማለት ድንጋዩን በ5 ሴንቲ ሜትር ማስጠጋት ማለት ነው።

ሲመታስ? እዚህ ላይ የሁለቱ ቁሶች ጠባይ ይለያያል። ላሜራ ብረት ይጎደጉዳል፤ ይታጠፋል እንጂ ቶሎ አይሰነጠቅም። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ አሉሚኒየም ወፍራምና ግትር ስለሆነ ቀላል ምትን ይቋቋማል፤ አቅሙ ሲያልፍ ግን ይሰነጠቃል። የተጎደጎደ ኮፓ ብዙ ጊዜ ቤት ያደርሳል። የተሰነጠቀ ዘይቱን መንገድ ላይ ያፈሳል። ጥገናውም ይለያያል። ብረት መበየድ የሚችል ባለሙያ በየከተማው አለ፤ አሉሚኒየም ግን ዘይቱ በደንብ ጸድቶ፣ በአብዛኛው በአርጎን ጋዝ፣ የተለየ ሙያ ባለው ሰው ነው የሚበየደው።

ላሜራም ቢሆን ከአደጋ ነጻ አይደለም። ዘይቱን የሚስበው ፊልትሮ ከኮፓው ወለል በትንሽ ክፍተት ብቻ ነው የሚቀመጠው። ወለሉ በድንጋይ ተመትቶ ወደ ላይ ከተጎደጎደ የፊልትሮውን አፍ ሊዘጋው ይችላል። ከውጭ የሚንጠባጠብ ነገር ላይኖር ይችላል፤ ካምቢዮው ግን ውስጥ ለውስጥ ዘይት ይጠማል። ኮፓው የተጎደጎደ መኪና ካያችሁ፣ ዘይት አልፈሰሰም ብላችሁ አትተዉት።

ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ አምስት ነገሮች

ኮፓው ተቀዶ ወይም ተጣሞ መቀየር ግድ ሆነ እንበል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ኦሪጅናል፣ ያገለገለ፣ ከሌላ ፋብሪካ የተሠራ፣ ብዙ ምርጫ ይቀርብላችኋል። ምን ትጠይቃላችሁ?

አንደኛ፣ ለየትኛው ካምቢዮ ነው? የመኪናው ሞዴል ብቻ አይበቃም፤ አንድ ዓይነት መኪና በተለያዩ ዓመታት የተለያየ ካምቢዮ ሊኖረው ይችላል። የካምቢዮውን ኮድ ያዙ፤ አሮጌውን ኮፓ ይዛችሁ ሄዳችሁ የቡሎኖቹን ቀዳዳ አንድ በአንድ አስተያዩ።

ሁለተኛ፣ የዘይቱ ልክ በምን ይታወቃል? ብዙ አዳዲስ የቶዮታ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች የዘይት መለኪያ ዘንግ የላቸውም። በምትኩ ኮፓው ውስጥ የቆመች ትንሽ ቱቦ አለች፤ ከቱቦዋ አፍ በላይ ያለው ዘይት በመቆጣጠሪያው ቀዳዳ ሲፈስ ልኩ ይታወቃል። ከሌላ ፋብሪካ የመጣው ኮፓ ቱቦ ቁመቷ ካልተስተካከለ የዘይቱ ልክም ይሳሳታል። ሲያንስ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ሲበዛ ማርሾቹ ዘይቱን አረፋ ያደርጉታል። ልኬቱም በመመሪያው በተጻፈው ሙቀት ላይ መሆን አለበት፤ 10 ሊትር ዘይት ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ ግማሽ ሊትር ያህል ይሰፋልና።

ሦስተኛ፣ ኮፓው ጥልቅ ከሆነ ፊልትሮውስ? ፊልትሮው በድሮው ከፍታ ከቀረ ከሥሩ ያለው ተጨማሪ ዘይት በቀላሉ አይደረስበትም። ማስረዘሚያ አብሮ መምጣቱን ጠይቁ።

አራተኛ፣ ማግኔቱ የት ይቀመጣል? ኮፓው ውስጥ ያለው ማግኔት ከማርሾቹ የሚወጣውን የብረት ዱቄት ይይዛል። ብረት ኮፓ ላይ በራሱ ይጣበቃል። አሉሚኒየም ግን ማግኔት አይስበውም፤ ስለዚህ የራሱ ማስቀመጫ ካልተሠራለት እየተንቀሳቀሰ ይዞራል። ዘይት ስትቀይሩ ማግኔቱን ማየትም ልመዱ፦ ግራጫ ቅባት የመሰለ ስስ ዱቄት የተለመደ ነው፤ በጣት የሚዳሰስ ስባሪ ግን ሐኪም የሚያስጠራ ምልክት ነው።

አምስተኛ፣ ከንፈሩ ቀጥ ያለ ነው? ጓርኒሲዮኑ የሚያርፍበትን ጠርዝ ጠፍጣፋ መስተዋት ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡትና ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ እዩ። የኮፓ ቡሎን የሚፈልገው ማጥበቂያ ኃይል ትንሽ ነው። ሙሉ ጉልበት ሲያርፍበት ላሜራው በቡሎኑ ዙሪያ ይጎደጉዳል፤ ዘይቱም በሁለት ቡሎኖች መካከል ያንጠባጥባል። ያን ጊዜ «ጓርኒሲዮኑ ፎርጅድ ነው» ይባላል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የእጅ ነው።

ታዲያ ገንዘቡ የት ይዋል?

ስሌቱ የሚሰጠን ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ ምንም ገንዘብ የማይጠይቀው፦ ጭቃ ዳገት ላይ ካምቢዮውን ዝቅተኛ ማርሽ ላይ መያዝ። ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር የቶርክ ኮንቨርተሩ መንሸራተት ይቀንሳል። መንሸራተቱ ከ30 ወደ 15 በመቶ ቢወርድ፣ ከ10 ኪሎዋት ሙቀቱ 6 ያህሉ ከነጭራሹ አይፈጠርም። የትኛውም ኮፓ ይህን አያደርግም። ቁልቁለት ላይም ዝቅተኛው ማርሽ ፍሬን ያሳርፋል።

ቀጥሎ ትክክለኛው ዓይነት ዘይት፣ በጊዜው የተቀየረ። ከዚያ የማቀዝቀዣው ንጽሕና፤ ፊት ለፊት የተለጠፈውን ጭቃና ነፍሳት ማጠብ። ከዚያ የሆድ መከላከያ ላሜራ፤ ጭቃው እንዳይታመቅና አየር እንዲገባ ቀዳዳ ያለው ይሁን። መኪናዋ ሁልጊዜ ከባድ የምትጭን ከሆነ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ። በብዙ አዳዲስ መኪኖች የካምቢዮውን ሙቀት በምርመራ ሶኬቱ በኩል ስልክ ላይ ማንበብ ይቻላል፤ ይህን የሚያደርገው ትንሽ ዕቃ ከኮፓው በጣም የረከሰ ነው፤ ችግሩ በእርግጥ መኖሩንም ይነግራችኋል። የሚያብረቀርቀው ጥልቅ ኮፓ ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው፤ እሱም በአስፋልት ላይ ተጎታች ለሚጎትት።

ለአንድ የገጠር ፒክአፕ ተቀያሪ ኮፓ ምረጥ ብባል፣ የፋብሪካው ጥልቀት ያለው፣ ጥሩ ላሜራ፣ ቱቦዋ ልክ የሆነች፣ ማግኔቱ ያለ፣ የማፍሰሻ ቡሎን ያለው እመርጣለሁ። ቪዲዮ ላይ አያምርም። ነሐሴ ላይ ግን ከሽንዲ ወደ ቡሬ ጤና ጣቢያ የሚጠብቃትን ሰው ጭና ስትመለስ፣ ከሥር ማንም የማያየው ያ ተራ ላሜራ ዘይቱን ይዞ መገኘቱ ነው የሚፈለገው።